የላብ ዋጋና የመታየት ዋጋ

ሥራ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ሠራተኛው ላቡን አፍስሶ በቀኑ መጨረሻ የሚቀበለው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ሥራውን ያየ ሰው የሚሰጠው ምስጋና ነው። ከጥንት ጀምሮ እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ገንዘቡ ወደ ኪስ ሲገባ ምስጋናው በአየር ላይ ይቀር ነበር፤ ምስጋናን አቡክቶ እንጀራ የጋገረ ሰው አልተሰማም። በዚህ ዘመን ግን የተመልካች ዓይን ራሱ እንደ ሸቀጥ ተቈጥሮ በገንዘብ ስለሚመነዘር፥ ከሥራው ይልቅ የሥራው መታየት የበለጠ ገቢ የሚያስገኝበት ጊዜ መጥቷል። ይህም ነገር ጐልቶ ከታየባቸው ሙያዎች አንዱ ማንም ያልጠረጠረው ሙያ፥ ይኸውም በአሜሪካ አገር ያለው የሣር ዐጫጆች ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሣር ዐጫጅ የማጨጃ መሣሪያውን በጭነት መኪና ጭኖ በከተማው መንገድ ሲያልፍ፥ ሣሩ ከጕልበት በላይ ያደገ፥ ሐረጉ በአጥሩ ላይ የተጠመጠመ፥ የእግረኛው መንገድ በአፈርና በሥር የተሸፈነ አንድ ቤት ያገኛል። በሩን አንኳኵቶ ባለቤቱን «ያለ ዋጋ ልጨድልዎ» ብሎ ይጠይቃል። በተፈቀደለትም ጊዜ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ ሥራውን ይጀምራል። አስቀድሞ ረጅሙን ሣር በእጅ መከርከሚያ ይጥላል፤ ቀጥሎም በማጨጃው መኪና ደጋግሞ ይመላለስበታል፤ ከዚያም በእግረኛው መንገድ ዳር የተከመረውን አፈር በስለት ቈርጦ ያነሣል፤ በመጨረሻም ገለባውን በመንፊያ መኪና ጠርጎ ግቢውን ንጹሕ አድርጎ ያስረክባል። የብዙ ሰዓቱም ድካም በጥቂት ደቂቃ ተሰብስቦ በዩቱብና በቲክቶክ ላይ ይወጣል። ተመልካቹ በየአገሩ በየቤቱ ተቀምጦ ዱር የነበረው ስፍራ መስክ ሲሆን ያያል፤ ልቡም ያርፋል። ባለቤቱ ምንም ሳይከፍል ግቢው ይጸዳለታል፤ ዐጫጁም ከባለቤቱ ያላገኘውን ገንዘብ ከተመልካቹ ያገኛል።

ሣር ለከብት ቀለብ፥ ለጐጆ ክዳን፥ ለበዓልም ጕዝጓዝ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው፥ ሣርን አጠጥቶ አሳድጎ መልሶ ማጨድና መጣል እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ የነገሩን መሠረት ማወቅ ይገባዋል። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር በደጃፉ ሰፊ የሣር መስክ የሚያኖር ብዙ ማጭድ ያዥ ለመቅጠር ወይም ብዙ በግ ለማሰማራት የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነበረ። በ1830 ዓመተ ምሕረት ግን (ይህም፥ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በግሎስተርሺር አውራጃ በስትራውድ አጠገብ ይኖር የነበረ ኤድዊን በዲንግ የሚባል መካኒክ፥ የሱፍ ጨርቅ ጠጕር የሚከረከምበትን መኪና አይቶ በዚያው ሥርዓት የሣር ማጨጃ መኪና ሠራ። ከዚያ ወዲህ የሣር መስክ ከባላባት ቤት ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ደጃፍ ደረሰ።

በአሜሪካም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከተሞች ዳርቻ እጅግ ብዙ ቤቶች ሲሠሩ፥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሣር ያለው ሆነ። በ1947 ዓመት መሠራት በጀመረው በኒው ዮርኩ ሌቪታውን ሠፈር፥ ነዋሪው በሚያድግበት ወራት ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ በውል ይታዘዝ ነበር። በ2005 ዓመት ከሳተላይት በተነሡ ሥዕሎች እየተረዳ የተደረገ አንድ ጥናት፥ በአሜሪካ በሣር የተሸፈነው መሬት የቤቱም የመናፈሻውም የጎልፍ ሜዳውም ተደምሮ ከ160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ገምቷል። ከዚህ ሁሉ ሣር በስተኋላ ሕግ አለ። በብዙ ከተሞች ሣር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆነው ልክ አልፎ ሲያድግ ባለቤቱ ይቀጣል።

የዚህም ሕግ ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት በዱነዲን ከተማ ከሆነው ነገር ይታወቃል። በ2018 ዓመት አንድ የዚያች ከተማ ነዋሪ የሞተች እናቱን ንብረት ለማስተካከል ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዶ ሳለ፥ ሣሩን እንዲያጭድለት ገንዘብ እየከፈለ ያስቀመጠው ወዳጁ ድንገት ሞተ። ሣሩም ማደጉን አላቋረጠም። ከተማው በቀን 500 ዶላር እየቈጠረ ቅጣቱን ወደ 30,000 ዶላር አደረሰው፤ በ2019 ዓመትም ስለዚህ ዕዳ ቤቱን ለመውሰድ ወሰነ። ሰውዬውም ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ቢከስ፥ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ፍርድ በ2021 ዓመት ለከተማው ሆነ። እንግዲህ በዚያ አገር ሣሩ የረዘመበት ሰው የሚያፍር ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ሣሩ የሚረዝምበትም ሰው ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ያረጀ፥ የታመመ፥ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ወይም ከሥራ የወጣ ሰው ነው። ያለ ዋጋ የሚያጭድ ሰው በሩን ሲያንኳኳለት የሚያመጣለት ነገር ትንሽ አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

ዐጫጁም ራሱ የተመቸው ሰው አይደለም። ሥራው ፀሐይና አቧራ፥ የሞተር ጩኸትና የወገብ ሕመም ያለበት ነው። ደመወዙም በ2024 ዓመት በመካከለኛ ግምት በሰዓት 18 ዶላር ያህል ነበር፤ ይህም የቤት ኪራይ በተወደደበት አገር ለቤተሰብ የሚበቃ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ሣር የሚያድገው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ወይም ኅዳር ድረስ ስለ ሆነ፥ በረዶ ሲወርድ እንጀራውም አብሮ ይቀዘቅዛል። የአገሩ ሰው ሥራውን ንቆ ስለሚተወው፥ ለወቅታዊ ሥራ በየዓመቱ ከውጭ እንዲገቡ በሕግ ከተወሰኑት 66,000 ሠራተኞች ውስጥ ብዙዎቹ፥ ይልቁንም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመጡት፥ የሚገቡት ለዚሁ ለሣርና ለአትክልት ሥራ ነው። ባለቤቱም መስኮቱን ዘግቶ ጩኸቱን ይሸሻል እንጂ የሚያጭደውን ሰው መልክ አያውቀውም።

የማይታየውን ሰው ያሳየው ቪዲዮው ነው። ገንዘቡም የሚገኝበት መንገድ የተሰወረ አይደለም። ዩቱብ በ2005 ዓመት ተመሥርቶ በ2006 ዓመት ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ድርጅት ነው፤ ከ2007 ዓመት ጀምሮም ቪዲዮ ለሚያወጡለት ሰዎች ከማስታወቂያው ገቢ ያካፍላል። ከረጅሙ ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 ከመቶ የሚሆነው ለሠሪው፥ 45 ከመቶ የሚሆነው ለድርጅቱ ነው። ለአጫጭሮቹም ቪዲዮዎች ከ2023 ዓመት ወዲህ ለሠሪዎቹ ከሚመደበው ገንዘብ 45 ከመቶ ይደርሳቸዋል። ነገር ግን ድርሻው ለማንም እንደ ወጣ አይሰጥም። በ2018 ዓመት በወጣው ደንብ ከረጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ድርሻ ለመቀበል የሚፈልግ ሰው 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት ሊኖረው ይገባል። አራት ሺህ ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ተመልካች አምስት አምስት ደቂቃ ቢያይ 48,000 ጊዜ መታየት ያስፈልጋል ማለት ነው። ደግሞም ከ2020 ዓመት ጀምሮ 8 ደቂቃ የሞላው ቪዲዮ በመካከሉ ማስታወቂያ ሊገባበት ስለሚችል፥ ሠሪዎቹ ሥራውን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ማሳየትን ይመርጣሉ። የመሣሪያ ፋብሪካዎችም ስማቸው እንዲነሣላቸው ለታወቁት ዐጫጆች ይከፍላሉ፤ ወይም መሣሪያ ይሰጣሉ።

በዚህ መንገድ ስሙ ከወጣው አንዱ በካንሳስ ክፍለ ግዛት በዊቺታ ከተማ የሚሠራው፥ «ኤስ ቢ ሞዊንግ» በሚባል ስም የታወቀው ወጣት ነው። ሥራው ሣራቸው የረዘመባቸውን ቤቶች እየፈለገ ያለ ዋጋ ማጨድ ሲሆን፥ በልዩ ልዩ መድረኮች ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተከታዮች አሉት። በ2025 ዓመትም ያጸዳው የአንድ ችግረኛ ቤት ታሪክ ከታየ በኋላ፥ ተመልካቾች ለዚያ ቤት ባለቤት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ዶላር አዋጥተዋል። ከዚህ የሚታየው፥ የተመልካች ዓይን ፈዝዞ የሚቀር ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰጪ እጅ የሚለወጥ መሆኑ ነው።

ይህን ሲሰሙ «ሣር ሲታጨድ ተቀምጦ ማየት የሥራ ፈት ነገር ነው» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ነገር ግን ነገሩን በጥቂቱ መመርመር ይገባል። በየቀኑ በኢንተርኔት ላይ ከሚታየው ጥል፥ ስድብና ከንቱ ጌጥ አጠገብ፥ አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ የተበላሸውን ሲያስተካክል ማየት የሚያንስ ትምህርት አይደለም። ሥራ ጅምርና ፍጻሜ እንዳለው፥ ትዕግሥት የያዘ እጅም ዱርን መስክ እንደሚያደርግ ያስተምራል። አባትና እናት ልጃቸውን «ካልተማርህ ሣር ዐጫጅ ትሆናለህ» እያሉ በሚያስፈራሩበት ዓለም፥ ሣር ዐጫጅ በሙያው ተከብሮ መታየቱ ለሠራተኛ ወገን ሁሉ ክብር ነው። ለዐጫጁም ቢሆን፥ በበጋ የቀረጸው ቪዲዮ ሣሩ በበረዶ ሥር በተኛበት በክረምት ወራት ሳይቀር ስለሚታይ፥ ወቅት የሚቈርጠውን ገቢ ይቀጥልለታል። በዚህ ሁሉ ነቀፋ የለበትም።

ነቀፋው የሚጀምረው ከሌላ ስፍራ ነው። ሣሩ ሲሸጥ የነበረው ነገር ጕልበት ነበር፤ ጕልበቱም የዐጫጁ የራሱ ስለ ሆነ ዋጋውም የራሱ መሆኑ ትክክል ነው። ቪዲዮው ሲሸጥ ግን በውስጡ የሚሸጠው የዐጫጁ ጕልበት ብቻ አይደለም። የባለቤቱም ቤት፥ የባለቤቱም ችግር፥ አንዳንድ ጊዜም የባለቤቱ እንባ አብሮ ይሸጣል። ተመልካቹ የሚደሰተው ቤቱ ንጹሕ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ እጅግ ቈሽሾ በመታየቱ ነው። ስለዚህ ሣሩ አጭር የሆነበት ቤት ለቪዲዮ አይረባም፤ የፈረሰና የተዋረደ ቤት ግን ብዙ ተመልካች ያመጣል። ቀድሞ ዐጫጅ ንጹሕ ግቢ ሲያይ ደስ ይለው ነበር፤ አሁን ግን የወደቀ ግቢ ሲያይ ደስ እንዲለው የሚያደርግ ፈተና ከፊቱ ቆሟል። ጥቅም ወደሚመራበት ሁሉ ከሄደም፥ ችግሩን ከልኩ አልፎ ማጋነን፥ የባለቤቱን ሕመም በዝርዝር ማስነገር፥ እያመሰገነ እንዲያለቅስ መጠበቅ ይከተላል።

የሰው ገበና የሚባል ነገር አለ። ገበና ማለት ሰው በቤቱ ውስጥ ሸፍኖ የያዘው ድካሙና ጕድለቱ ነው፤ ጨዋ ሰውም የጎረቤቱን ገበና ቢያይ ዓይኑን ይመልሳል እንጂ አደባባይ አያወጣውም። ረዥሙ ሣር የአንድን ቤት ገበና ለመንገደኛ የገለጠ መጋረጃ ነው። ዐጫጁ ሣሩን ቢያጭድ ገበናውን ከጎረቤት ዓይን ይሸፍነዋል፤ ያንኑ ገበና ለሚሊዮን ሕዝብ ቢያሳይ ግን በአንድ እጁ የከደነውን በሌላው እጁ ገለጠ ማለት ነው። በርግጥ በአሜሪካ ሕግ ከመንገድ ላይ የሚታየውን ነገር መቅረጽ በጠቅላላው ክልክል አይደለም። ነገር ግን ሕግ አልከለከለም ማለት ምግባር ፈቀደ ማለት አይደለም። ባለቤቱም ፈቅዷል ቢባል፥ ቅጣት የሚፈራ፥ የሚከፍለውም የሌለው ሰው «እሺ» ሲል ፈቃዱ ነው ወይስ ችግሩ ነው የተናገረው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወንጌል ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ያስተምራል። በካሜራ ፊት የሚሰጥ ምጽዋት ከዚህ ትምህርት ጋራ እንደማይስማማ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ለዐጫጁ የሚቀለው መልስ ሥራውን በእውነተኛ ስሙ መጥራት ነው። ያለ ዋጋ የታጨደ የተባለው ሣር በእውነቱ ዋጋ አለው፤ ከፋዩ ግን ተመልካቹና ማስታወቂያ አውጪው ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ምጽዋት ሳይሆን ንግድ ነው፤ ንግድም ነውር አይደለም። ንግድ ነው ከተባለ ግን ሸቀጡን ያቀረቡት ሁሉ የትርፉ ተካፋዮች መሆን አለባቸው። ዐጫጁ ጕልበቱን አቀረበ፤ ባለቤቱም ቤቱንና ታሪኩን አቀረበ። አንዱ ለብዙ ዓመት የሚከፈል ገቢ ሲያገኝ ሌላው የአንድ ቀን ጽዳት ብቻ ቢያገኝ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሣሩ ዳግመኛ ሲያድግ ከዚያው ቅጣት ፊት ብቻውን ቢቆም፥ ሚዛኑ ቀጥ ብሏል ለማለት አይቻልም።

በዚህ ንግድ ውስጥ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ እርሱም የዐጫጁ ረዳት ነው። ካሜራው በሚታይበት ስፍራ የሥራው ጌታ ሲናገር፥ በስተኋላ መከርከሚያውን ተሸክሞ የሚያልፈው፥ ገለባውን በከረጢት የሚያጭቀው፥ ብዙ ጊዜም ከሩቅ አገር የመጣው ሠራተኛ ነው። እርሱ የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። ላቡ ግን በቪዲዮው ውስጥ ታትሞ ይቀራል፤ በታየም ቊጥር ለሌላ ሰው ገንዘብ ያመጣል። የዕለት ደመወዙን ተቀብሏልና ሌላ አይገባውም የሚል ቢኖር፥ የተቀበለው ላጨደበት ነው እንጂ ለታየበት አይደለም ተብሎ ይመለስለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም መታየት ዋጋ ካለው የታየው ሁሉ ድርሻ አለው የሚል ነው። ይህንንም በሥራ ለመግለጽ አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፥ ዐጫጁ ሣሩን ለማጨድ የሚጠይቀውና ለመቅረጽ የሚጠይቀው ለየብቻ ይሁን፤ ባለቤቱ መቀረጹን እንቢ ቢል ማጨዱ አይቅርበት፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ እውነተኛ ፈቃድ ይሆናል። ሁለተኛ፥ የቤቱ ቊጥር፥ የመንገዱ ስም፥ የባለቤቱም መልክ ያለ ግልጽ ፈቃድ አይታይ፤ ባለቤቱም በኋላ ቢጸጸት ቪዲዮው ይነሣለት። ሦስተኛ፥ ቪዲዮው ካስገኘው ገቢ ለባለቤቱ የሚሆን የታወቀ ክፍል ይቀመጥ፤ ሌላው ቢቀር ለቀጣዩ ወቅት ሣሩን የሚያሳጭድበት ይሁን። አራተኛ፥ በቪዲዮው የሚታይ ረዳት ከሰዓት ደመወዙ በላይ ድርሻ በውል ይሰጠው። ከማስታወቂያው 45 ከመቶ የሚወስደውም ድርጅት የተቸገሩ ሰዎችን ለሚያሳዩ ቪዲዮዎች የታየው ሰው ፈቃድ መኖሩን ቢጠይቅ፥ ከትርፉ የሚጐድልበት እጅግ ጥቂት ነው።

የከተማ ሹማምንትም ከዚህ ነገር የሚማሩት አላቸው። አንድ ወጣት ማጨጃውን ይዞ በጥቂት ሰዓት የሚያቃናውን ነገር በብዙ ሺህ ዶላር ቅጣት ለማቃናት መሞከር ጥበብ አይደለም። አቅም ያነሰውን አረጋዊ ከመቅጣት በፊት ማን ሊረዳው እንደሚችል መጠየቅ ይቀድማል። እንግዳ ሰው ከመንገድ ላይ አይቶ የሚያዝንለትን ቤት፥ ግብር የሚቀበለው ከተማ ሳያይ መቅረቱ የሚያሳፍረው ባለቤቱን ሳይሆን ከተማውን ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በአገር ውስጥም በውጭ አገርም የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች እርሻቸውን፥ የእጅ ሥራቸውን፥ የምግብ አሠራራቸውን፥ ለድኾችም የሚያደርጉትን ርዳታ በእጅ ስልክ እየቀረጹ ያወጣሉ። የኢትዮጵያ ገበሬ በደቦና በወንፈል ሲሠራ የኖረ ነው፤ በወንፈል አንዱ የሌላውን እርሻ ቢያርስ ተራው ሲደርስ የራሱ ይታረስለታል፤ የተረዳው ሰውም የረጂው ባለ ዕዳ እንጂ የረጂው መታያ አይሆንም። ክብሩም የተጠበቀው ዛሬ የተረዳ ነገ የሚረዳ በመሆኑ ነው። ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው የተቸገረን ሰው ቤት በካሜራ ከመክፈቱ በፊት፥ ያ ቤት የእናቱ ቤት ቢሆን እንዲህ ባለ ሁኔታ እንዲታይ ይወድ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ወጣቶችም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባቸዋል። የታወቁት ዐጫጆች የታወቁት ማጨድ ስለሚችሉ ነው። ሥራውን ሳይማሩ ካሜራውን የሚያስቀድሙ ሰዎች፥ መጀመሪያ 48,000 ጊዜ ለመታየት ሲደክሙ ሁለቱንም ሳይዙ ይቀራሉ። ሥራ ያለው ሰው ቪዲዮው ቢቀርበት ሥራው ይቀርለታል፤ ቪዲዮ ብቻ ያለው ሰው ግን ተመልካቹ ፊቱን ባዞረ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ዛሬ በመቶ ሺህ የሚያየው ሕዝብ ነገ ወደ ሌላ እንደሚዞር የታወቀ ነው፤ ሣር ግን ዝናብና ፀሐይ እስካሉ ድረስ ማደጉን አያቋርጥም።

እንግዲህ ዐጫጁ በመታየቱ ቢጠቀም መልካም ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ሳይታይ የደከመ ሠራተኛ ነውና። ነገር ግን ሳይታዩ መኖር ምን ያህል እንደሚያም እርሱ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቅ፥ ያለ ፈቃድ መታየትም ምን ያህል እንደሚያም ለማወቅ አይቸግረውም። የራሱን ላብ በሚቈጥርበት ሚዛን የረዳቱን ላብና የባለቤቱን ገበና ቢቈጥር፥ የሚያጭደው ሣር ንጹሕ እንደ ሆነ ሁሉ የሚበላው እንጀራም ንጹሕ ይሆንለታል።